ታስሮ የማያውቅ ዶሮ

ሺታዬ የሞቱትን ዶሮዎች በእግራቸው አንጠልጥላ ከዶሮ ቤቱ ልትወጣ ስትል፣ ከቆርቆሮው ግድግዳ ወዲያ ወንድሟ ፍቃዱ «እኛ ጋ ዶሮ ታስሮ አያውቅም» ሲል ሰማችው። ባለችበት ቀጥ አለች። የሚያነጋግረው ቤርሳቤን ነበር፤ የእርዳታ ድርጅቱ የእንግዳ ማረፊያ ዕቃ ገዢ ናት፣ ጠዋት ጠዋት በፒካፕ እየመጣች እንቁላል የምትወስድ የአዲስ አበባ ልጅ። እንግዶቹ ዛሬ በአውሮፕላን እንደሚገቡ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወደዚህ እንደምታመጣቸው፣ ዶሮዎቹ ደጅ ሲንሸራሸሩ በዓይናቸው ካዩ የፑኝዶና የኢታንግ ማረፊያዎችም ከእሱ እንዲገዙ እንደሚፈርሙ ነገረችው። ሺታዬ የሞቱትን እንደያዘች ብቅ ብትል ነገር እንደምታበላሽ ገባትና ወደ ኋላ ተመለሰች። መኪናው ተነሥቶ እስኪሄድ ድረስ፣ ዓይን በሚያቃጥል የኩስ ሽታ ውስጥ፣ አፋቸውን ከፍተው በሚያለከልኩ ነጫጭ ዶሮዎች መካከል ቆመች። ሚያዝያ ነው። ጋምቤላ በሚያዝያ ገና ከማለዳው ታቃጥላለች፤ ቆርቆሮ ሥር ደግሞ ማለዳ የሚባል ነገር የለም።

ክልሉ ራሱን ችሎ ክልል ከሆነ ወዲህ በከተማው ቢሮ በዝቷል፤ ቢሮ ሲበዛ እንግዳ በዛ፣ እንግዳ ሲበዛ ቁርስ በዛ። ፍቃዱ በሰፈራ ጣቢያ የተሰጠውን መሬት ትቶ ከደብረ ዘይት የፈረንጅ ጫጩት ያስጫነው ይህንኑ አይቶ ነው። አንድ ቀን ቤርሳቤ፣ ባሕር ማዶ ያለው ዋና መሥሪያ ቤታቸው እንስሳት ከሚሠቃዩበት ቦታ እንቁላልም ሥጋም እንዳይገዛ ማዘዙን እግረ መንገዷን ብታወራለት፣ በማግስቱ ሰሌዳ ጻፊ ዘንድ ሄደ። አሁን በራፉ ላይ የማንጎ ዛፍ ተሥሏል፤ ከሥሩ ቀይ ዶሮ ትጭራለች፤ ከላይ በአረንጓዴ ቀለም «ታስሮ የማያውቅ ዶሮ እንቁላል» ይላል። ገበያ ላይ ሠላሳ ሳንቲም የሚሸጠው እንቁላል ሰሌዳው ከተሰቀለ ወዲህ ሃምሳ ገባ። ሺታዬ ፊደል አልቆጠረችምና የተጻፈውን ሲያነብላት ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሰሌዳው በመሃላቸው ወሬ ተነሥቶ አያውቅም።

ፍቃዱ ክፉ ሰው አይደለም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ከተጫኑት ቤተሰቦቻቸው የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። በመጀመሪያው ክረምት ወባ ጥሏት ሳለ፣ ጭቃው ጉልበት እየዋጠ ክሊኒክ ድረስ በጀርባው አዝሏት ሄዷል። በዕድሜ ታላቋ እሷ ብትሆንም ያኖራት እሱ ነው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የበላችው እንጀራ ሁሉ ከእጁ የወጣ ነው። ይህን አንድ ቀን እንኳ አንሥቶባት አያውቅም። ስለዚህ መኪናው እንደሄደ የዶሮ ቤቱን በር ከፍቶ ገባና፣ በእጇ የያዘቻቸውን አይቶ እንዳላየ ሆኖ «እትዬ፣ ከአሪየት ዶሮዎቿን ለዛሬ ተዋሽልኝ» ሲላት፣ እንዴት አድርጋ እምቢ እንደምትለው አላወቀችም።

የራሱን ዶሮዎች ማውጣት እንደማይቻል ሁለቱም ያውቁታል። ከተፈለፈሉ ጀምሮ ሽቦና ቆርቆሮ እንጂ ሌላ አላዩም፤ ሲጠባበቡ እርስ በርስ ተነጫጭተው የብዙዎቹ ጀርባ ተመልጧል፤ ቀይ ሥጋቸው ይታያል። አሪየት ደግሞ ከሸምበቆው አጥር ወዲያ የምትኖር የአኙዋክ ሴት ናት፤ ባሏ ኦሞድ በኢታንግ ዘበኛ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ብቻዋን ናት። ዶሮዎቿ ምስጥና የወዳደቀ በቆሎ ለቅመው ያድራሉ፣ ሲመሽ ማንጎዋ ላይ ይሰፍራሉ። አጥሩን ሾልከው ሲመጡ ፍቃዱ በድንጋይ ነበር የሚያባርራቸው፤ በሽታ ያመጣሉ ይላል። ሁለቱ ሴቶች ግን ይዋደዳሉ። ባለፈው ክረምት ፍቃዱ መኖ ሊገዛ መቱ ወጥቶ ሳለ ሺታዬን ወባ ሲያንዘፈዝፋት፣ የዓሣ መረቅ እያመጣች፣ እንቁላል እየቀቀለች ያስታመመቻት አሪየት ናት።

አሪየት ሺታዬ የመጣችበትን ጉዳይ ስትሰማ ሳቀች። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ ለሺታዬም ለፍቃዱም ለዶሮም ያው ነው። ለምን እንደፈለገቻቸው ጠየቀቻት። ሺታዬ እንግዶች እንደሚመጡ፣ ዶሮ ማየት እንደሚወዱ ነገረቻት፤ ውሸት አልነበረም፤ ሙሉውም አልነበረም። አሪየት ፈረንጅ የዶሮ አገር የለውም ወይ ብላ እንደገና ሳቀችና ከእንቅልፍ ያልነቁ ይመስል ቀስ እያለች አንድ በአንድ ይዛ በቅርጫት ከታ ሰጠቻት። የመጨረሻዋ ገብስማ ነበረች፤ ከነጫጩቶቿ ሰጠቻት።

«ይሄ ልጅ አለው» አለች አሪየት። «ጭልፊት አንድ አልወሰደበትም። ጎበዝ ነው። ውሰድ፤ ማታ መልስ።»

ፍቃዱ በዚህ መሃል የዶሮ ቤቱን የሽቦ መስኮቶች በሸራ ሸፍኖ ዙሪያውን በሲባጎ አሰረ። ሲጨልምባቸው ዝም ይላሉና እንግዶቹ ጩኸታቸውን እንዳይሰሙ ነው። አውሮፕላኑ ከፀሐዩ በፊት የሚገባ መስሎት ነበር። አውሮፕላኑ ግን ዘገየ። መኪናው በራፉ ላይ ሲቆም ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ አሸዋው እግር ያቃጥል ጀመር።

እንግዶቹ ሁለት ነበሩ፤ ፀጉሯ የሸበተ ረጅም ሴትና ካሜራ በአንገቱ ያንጠለጠለ ወጣት። ፍቃዱ የፋሲካ ሸሚዙን ለብሶ፣ ሺታዬ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀበሏቸው። ሴትዮዋ ዶሮዎቹን ገና ስታይ ጉልበቷን አጥፋ አሸዋው ላይ ቁጢጥ አለችና፣ ገብስማዋ ምድሩን እየጫረች ጫጩቶቿን ስትጠራ፣ እነሱም እየተሯሯጡ ከእግሯ ሥር ሲለቅሙ ዝም ብላ ተመለከተች። ቤርሳቤ ተረጎመችው፦ በልጅነቷ አያቷ ልክ እንደዚህ ያለች ዶሮ ነበረቻቸው፤ አሁን በአገሯ እንዲህ ያለ ነገር ለማየት ሩቅ መሄድ አለባት። ሺታዬ የሴትዮዋ ዓይን ውኃ ማቅረሩን አይታ አፈረች። እንግዶቹ ሞኝ ወይም ትዕቢተኛ ቢሆኑ ይቀላት ነበር።

ከዚያ ሴትዮዋ ተነሥታ ሸራ ወደ ተጋረደው ቤት እጇን ጠቆመች። ፍቃዱ ማደሪያቸው ነው፣ ማታ ማታ የሚገቡበት ነው አለ። ሴትዮዋ ወደዚያው መራመድ ስትጀምር ቤርሳቤ ቀደመቻት። በሩ አጠገብ ስትደርስ ግን አፍንጫዋን ሽታው ሳይመታት አልቀረም፤ እግሯን ገታች፣ ፍቃዱን አየችው፣ ቀጥሎም ሺታዬን አየቻት። አንድ አፍታ እንዲህ ተያዩ። ቤርሳቤ ወደ እንግዶቹ ዞራ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አለቻቸውና፣ እጇን ሴትዮዋ ጀርባ ላይ አድርጋ ወደ ግቢው ማንጎ ጥላ መለሰቻት። ሺታዬ ያን ጊዜ ልጅቷ ማወቋን አወቀች። ምናልባትም ከዛሬ በፊት ታውቅ ይሆናል።

ጥላው ሥር ወንበር ቀርቦላቸው ውኃ ጠጡ። ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ብዙ ነገር በተረፈ። ፍቃዱ ግን ደስታው አላስቀምጥ ብሎት ምሳ ሳይቀምሱ እንደማይሄዱ ተናገረ፤ ያሰበው ዳቦና የተጠበሰ እንቁላል ነበር። ሴትዮዋ አመስግና ከቤርሳቤ ጋር ተነጋገረች። ድርጅቱ ወደፊት ሥጋውንም መግዛት ስለሚያስብ፣ ከእነዚህ አንዷን ቢቀምሱ፣ አስተራረዱም እንስሳውን የማያሠቃይ መሆኑን ቢያዩ ደስ እንደሚላቸው ቤርሳቤ ተረጎመች። ፍቃዱ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ሺታዬን ዞር ብሎ አያት፤ እሷም አየችው። አሪየት በአጥሩ ወዲያ በቆሎ ስትወቅጥ የሙቀጫው ድምፅ ይሰማ ነበር። «ምን ችግር አለ» አለ ፍቃዱ።

የአሪየት ዶሮዎች ተዘግቶ እንዳደገ ዶሮ እጅ አይሰጡም። ፍቃዱ ቀዩዋን ሲጠጋት በርራ አጥሩ ላይ ወጣች፤ ጥቁሯ በእግሮቹ መሃል ሾልካ አመለጠች፤ ወጣቱ እንግዳ ሊያግዘው ካሜራውን አስቀምጦ ቢሯሯጥ የቀሩትም ማንጎው ላይ ሰፈሩ። ወዲያው ግቢው ውስጥ ገብስማዋ ብቻ ቀረች። መብረር አቅቷት አይደለም። ጫጩቶቿን በክንፏ ሰብስባ፣ ላባዋን ነፍታ፣ አንገቷን ዘርግታ ፍቃዱን ልትዋጋው ቆመች። ፍቃዱ ጎንበስ ብሎ አነሣት። እንደዚያ በቀላሉ ነው የያዛት።

«እሷን ተዋት» አለች ሺታዬ በዝግታ። «ጫጩት አላት።»

«ምን ላድርግ እትዬ? እያዩኝ እኮ ነው።»

ክንፎቿን ይዛ የምትቆመው ሺታዬ ሆነች። የዶሮዋ ልብ ከላባዋ ሥር መዳፏን ይመታት ነበር። ፍቃዱ በስመ አብ ብሎ ቢላዋውን ባረከና ፈጠን አድርጎ ጨረሰ፤ በዚያስ እጁ ቀና ነው። ሴትዮዋ ፊቷን አላዞረችም፤ የሚበላ ሰው ማየት አለበት የምትል ዓይነት ናት መሰል። ሲያበቃ ወደ ሺታዬ ጠጋ ብላ አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ ቤርሳቤም ተረጎመች።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ የሚኖሩት ይሉሻል።»

ሺታዬ ፍቃዱን አላየችውም። እጇ ላይ ያለውን ደም አየች። ሸራ የተሸፈነው ቤት ውስጥ ክንፍ ሲንደፋደፍ፣ አንድ ነገር ከቆርቆሮው ጋር ሲጋጭ ሰማች።

«እነዚህ» አለች፣ «እነዚህ እንዲህ ነው የሚኖሩት።»

ቤርሳቤ በአንድ ቃል ተረጎመችላት። ሺታዬ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ እሷ ያለችው ግን አንድ ቃል እንዳልነበረ ታውቃለች። ሴትዮዋ ፊቷ በርቶ እጇን በሁለት እጇ ጨበጠቻት፤ ደሙንም አልተጠየፈችውም።

ወጥ ለመሥራት ጊዜ ስላልነበረ በሽንኩርትና በቃሪያ ጠበሰችው። ኩሽናዋ ከዶሮ ቤቱ ትይዩ ነው። ድስቱ ላይ አጎንብሳ ጆሮዋ ግን እዚያ ነበር፤ መጀመሪያ መንደፋደፍ፣ ቀጥሎ ብዙ ጉሮሮ አንድ ላይ ሲያቃስት የመሰለ ድምፅ፣ ቀጥሎ ደግሞ ከዚያ ያነሰ። የበላዩ ቆርቆሮ በፀሐዩ ሲንጣጣ ይሰማታል። ምግቡን አቅርባ ስትመለስ ፍቃዱን በዓይኗ ጠርታው ከማንጎው ጀርባ ተገናኙ።

«ሸራውን ላንሣው?»

«ይሂዱና።»

«ያልቃሉ ፍቃዱ።»

«ይሂዱ አልኩሽ እኮ!»

ዐሥር እርምጃ አይሞላም። ሄዳ ሲባጎውን ብትፈታው እጇን የሚይዛት አልነበረም። ኩሽናዋ ደጃፍ ላይ ቆማ ቀረች። እንግዶቹ ሳይቸኩሉ በሉ፤ ወጣቱ ጣቱን እየላሰ ሳቀ፤ ሴትዮዋ በሕይወት ሳለ ያልተጨነቀ እንስሳ ሥጋው ጣዕሙ ሌላ ነው አለች አሉ፤ ቤርሳቤ ከሥጋው አልቀመሰችም፣ ዳቦ ብቻ ቆረሰች። ከዚያ ወረቀት ወጣ፣ ተፈረመ፣ ከሰሌዳው ሥር ፎቶ ተነሡ። ጫጩቶቹ በእግሮቻቸው መካከል እየጮኹ ይዞሩ ነበር። ሺታዬን ከመሃል አስገቧት፤ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

የመኪናው አቧራ ሳይረግብ ሁለቱም ሮጡ። ፍቃዱ ሲባጎውን መፍታት ሲያቅተው በቢላዋ በጣጠሰው። በሩ ሲከፈት የወጣው ሙቀት እንደ ዳቦ መጋገሪያ ፊታቸውን ገረፋቸው። ዶሮዎቹ አየር ፍለጋ በሩ ሥር ተደራርበው ነበር፤ ከላይ ያሉት ገና ይተነፍሳሉ፣ ከሥር ያሉት ለስላሳና ትኩስ ሆነው ሞተዋል። እየጎተቱ ማውጣት ጀመሩ። ሺታዬ ነፍስ ያለባቸውን ጥላ ሥር እያስቀመጠች በውኃ ታርሳቸዋለች፤ አንዳንዱ ዓይኑን ይከፍታል፣ አንዳንዱ እዚያው እጇ ላይ አንገቱን ይጥላል። ከዶሮው ግማሹ አልተረፈም።

ፍቃዱ የውኃ ባልዲውን ደፍቶ ተቀመጠበት። የፋሲካ ሸሚዙ በኩስና በላባ ተለውሷል። ሲናገር ለራሱ የሚያወራ ይመስል ነበር፤ ከሦስቱም ቦታ ታዟል፣ ለሰኞ የሚላከው እንቁላል የግድ መሙላት አለበት፣ ከእነዚህ አይገኝም። ከሰፈር እየለቀመ ይሞላል። አሪየትም ትሸጥለታለች፣ በዙሪያው ያሉት ሴቶችም ይሸጡለታል፣ በሠላሳ ሳንቲም። የእነሱ ዶሮ መቼም ታስሮ አያውቅም። «ሰሌዳው እውነት ይሆናል ማለት ነው» አለ። ቀና ብሎ አላያትም። ከዚያ አካፋ ይዞ ጉድጓድ ሊቆፍር ወደ ጓሮ ሄደ።

ፀሐይ ወደ ባሮ ስታዘቀዝቅ የአሪየት ዶሮዎች በራሳቸው እግር በአጥሩ ሾልከው ተመለሱ። አሪየት ገብስማዋን ስታጣ ልትፈልግ መጣች። ጫጩቶቹ ማንጎው ሥር ተኮልኩለው ያለቅሳሉ። እነሱን አየች፤ ኩሽናው ደጃፍ ላይ የተከመረውን ላባ አየች። ገብስማ ላባ ከሌላ አይምታታም። ሺታዬ ከተረፉት ነጫጮች የተሻለችውን መርጣ፣ አቅፋ መጣችላትና «እንግዶቹ…» ብላ ጀመረች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አልወጣላትም።

«አንተ ለማየት አለ» አለች አሪየት። ድምፅዋ አልጨመረም። «ለመብላት አላለም። ለመብላት ቢል፣ እኔ ሌላ ሰጠ። ልጅ የሌለው ሰጠ።»

አንተ ስትላት ሺታዬ ለእሷም ለወንድሟም በአንድ አፍ የምትናገር መሰላት። ነጯን ዶሮ መሬት አስቀመጠችላት። ዶሮዋ አሸዋው እግሯን ሲነካት በፍርሃት ተሟሸሸችና ባለችበት ተኛች። ጫጩቶቹ የእናት ላባ መስሏቸው እየተንጫጩ ሮጠው ከሥሯ ሊገቡ ተሻሙ። ዶሮዋ ጫጩት አይታ አታውቅም። የቀረባትን ጭንቅላቱን ነቆረችው።

አሪየት ተንበርክካ ጫጩቶቹን ለቅማ በቀሚሷ እቅፍ ሰበሰበቻቸው። ሺታዬ ይዛቸው ትሄዳለች ብላ ስትጠብቅ፣ ቀርባ የሺታዬን ነጠላ በእጇ ዘረጋችና አንድ በአንድ ገለበጠችላት።

«እናቱን የበላ ልጁን ያሳድግ» አለች።

ሺታዬ እኔ አልቀመስኩም ልትላት አፏን ከፍታ ነበር፤ መልሳ ዘጋችው። አሪየት በአጥሩ ክፍት ጎንበስ ብላ ወጣች፤ ወዲያው የሸምበቆ መጎተት ድምፅ ተሰማ። ክፍቱን እየዘጋችው ነበር።

አመሻሹ ላይ ሺታዬ ጫጩቶቹን በካርቶን አድርጋ ክፍሏ ውስጥ አልጋዋ አጠገብ አስቀመጠቻቸው፣ አሮጌ ሹራብ አለበሰቻቸው፣ የተከካ በቆሎ በተነችላቸው። አልበሉም። እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው አንገታቸውን እየሰገጉ ይጮኻሉ። ፍቃዱ ጉድጓዱን ደፍኖ፣ ታጥቦ፣ ልብሱን ቀይሮ መጣና በሯ ላይ ቆመ። በእጁ ሳህን ይዟል። ከምሳው አንድ እግር አስቀርቶላት ነበር፤ የምትወደው እሱን መሆኑን ያውቃል፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቃል፣ እንግዶቹ ሳያዩት በክዳን ሸፍኖ ነው ያኖረላት።

«ብዪ እንጂ እትዬ» አላት። «ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም።»

«እየጾምኩ ነው» አለችው።

ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት አልሞላም፤ በዓለ ሃምሳ ነው። ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ወራት ላይ ናቸው፤ ይህንን ፍቃዱ እንደ ስሙ ያውቃል። ሳህኑን እንደያዘ ቆሞ ካርቶኑን አየ፣ እሷን አየ። የምን ጾም እንደሆነ አልጠየቃትም። እስከ መቼ እንደሆነም አልጠየቃትም።